የአያ ይመር ድስት

ሙክቱ፣ ከጨፋ ሮቢት አስፋልት ወርደው ወደ ተራራው የሚወስደውን ኮረኮንች ከያዙ ጀምሮ አንዴም ዝም አላለም። አራት እግሩ ተጠፍሮ፣ ጭንቅላቱን ዘይቱና ጭን ላይ ጥሎ፣ ባጃጇ በዘለለች ቁጥር ይጮኻል። ባለባጃጁ በድሩ ደግሞ ከበጉ የባሰ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ጎልማሳ ሆኖ ሳለ እንደ አዲስ ሙሽራ ይነጫነጫል። ቤንዚኑን በላስቲክ ከጥቁር ገበያ ገዝቶ፣ ጎማው ያለቀ መሆኑን እያወቀ፣ ሰው ወደማይሄድበት አገር መሄዱ ለራሱም አልዋጥልህ ብሎታል።

«ሰው ወደ ሠርግ ቤት በግ ይነዳል፤ አንቱ ከሠርግ ቤት በግ ይዘው ይሸሻሉ» አላት ወደ ኋላ እየተገላመጠ።

ዘይቱና ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ እጇ የበጉ አንገት ላይ ነው፤ ሌላው ደግሞ አጠገቧ የተቀመጠውን ማዳበሪያ ደግፎ ይዟል። በማዳበሪያው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ድስት አለ። ባጃጇ ስትዘል ለበጉም ለራሷም አትሳቀቅም፤ ለድስቱ ግን ቢስሚላህ ትላለች።

ጊዜው ሁለት ሺህ አስራ አምስት፣ የግንቦት ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ እሑድ የልጇ የፋኢዛ ኒካህ ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ ወንድሟ ይመር ያልበላበት ድግስ ተደግሶ አያውቅም። ዘንድሮ ሊቀር ሆነ። ይህ ነገር ዘይቱናን ካንጀቷ ገብቶ ሲበላት ከረመ። ዳሱ ተጥሎ፣ ሰንጋው ተጥሎ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ እሷ ግን ቤቷ ባዶ ሆኖ ነበር የሚታያት።

ይመር የእናቷ ልጅ ነው። እናታቸው እመት ስንዱ ከላይ ከደጋው አግብታ ይመርን ወለደች፤ ባሏ ሲሞትባት ልጇን አዝላ ወደ ቆላው ወረደችና የጨፋውን ገበሬ ሙሀዲንን አገባች። ሙሀዲን ሰላቱን የማያጓድል ሰው ነበር፤ ሚስቱን ግን አንድ ቀንም «ሃይማኖትሽን ቀይሪ» አላላትም። እሷም ማዕተቧን ሳትፈታ ኖራ፣ ስትሞት ደጋ ወጥታ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ተቀበረች። ይመር የእናቱን ይዞ አደገ፤ ዘይቱና የአባቷን። ስሙን የሰማ ሰው ግን የየትኛው ወገን መሆኑን አያውቅም። እዚያ አገር ይመር የሚባል እስላምም ሞልቷል፣ ክርስቲያንም ሞልቷል፤ ስም እያዩ ሰው መለየት የጀመሩት የሩቅ ሰዎች ናቸው።

በእመት ስንዱ ቤት ድስቱ ሁለት ነበር። የክርስቲያኑ ድስት ጆሮው ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮበት ለብቻው ይቀመጣል። የአንዱን ሥጋ ሌላው አይነካውም፤ ነውር ነው፣ ሐራምም ነው። ነገር ግን አንደኛው ወጥ ቀድሞ ቢደርስ እመት ስንዱ ማንንም አታስቀምስም ነበር፤ ሁለተኛው እስኪደርስ ልጆቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ይጠብቃሉ። ዘይቱና ከዚህ የተለየ ቤት መኖሩን ያወቀችው አድጋ ነው።

ይመር ጎልምሶ በአባቱ መሬት ላይ ሊያርስ ወደ ደጋው ቢመለስም ልማዱ አልቀረም። ዒድ ሆነ፣ ሠርግ ሆነ፣ መውሊድ ሆነ፣ ዋዜማውን ቢላዋውን በአፎቱ ይዞ ከች ይላል። ለሱ የተቀለበው በግ ከጓሮው ግራር ሥር ይጠብቀዋል። «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፣ ይገፍፋል፣ ይከትፋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወጡንም ራሱ ነበር የሚሠራው፤ ወጥ ደግሞ አያውቅበትም። ዘይቱና ድስቱን ላለመንካት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከሩቅ ቆማ፣ «አያ፣ ሽንኩርቱ አረረ! አማስለው እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!» እያለች ታዘዋለች። እሱ ደግሞ «ዝም በይ፣ አንቺ አትበይው» ይላታል። ልጆቿ ይህን እያዩ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚስቀው ትልቁ ልጇ ቶፊቅ ነበር።

ከዚያ የተኩሱ ዘመን መጣ። ማን ጀመረው ቢባል ላይኛው ታችኛውን ይላል፣ ታችኛው ላይኛውን። ከሁለቱም ወገን ቤት ተቃጠለ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ተቀበረ፤ ከብቱም የነዳው የነዳው ሆነ። በመጨረሻ ወታደር መጥቶ ደጋውንና ቆላውን በሚለየው ወንዝ ድልድይ ላይ ሰፈረ። ወጣቶቹ እንግዲህ ወንዙ ድንበር ነው፣ ማዶው የነሱ፣ ወዲህ የኛ ይሉ ጀመር። ዘይቱና ይህን ስትሰማ እናቷን አሰበች። አባቷ ወዲህ ነው፣ እናቷ ማዶ ናት፤ እሷን ራሷን የት ሊያደርጓት ነው?

ይመር ስልክ የሚያገኘው ከሰፈሩ በላይ ያለ ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለ። አልመጣም ማለቱ አይደለም፤ ለሽማግሌ ነግሮ፣ ወታደሩን ለምኖ፣ እርቁ እስኪያልቅ ሰው አያልፍም ተባለ። ዘይቱና በጉ ከሁዳዴ ጀምሮ ሲቀለብ መክረሙን ነገረችው። ይመርም ቅዳሜ ቀትር ላይ ወንዙ ማዶ እንደሚቆም፣ ከሩቅም ቢሆን ዓይኗን እንደሚያይ ነገራት። ያኔ ነው ቁርጧን ያወቀችው። ሥጋ መላክ አይቻልም፤ በእነሱ ቢላዋ የታረደውን እሱ አይቀምሰውም። በጉ ከነሕይወቱ መሄድ አለበት።

ጠዋት ቶፊቅ ከማድ ቤቱ በር ላይ ያዛት። በጉን ከሌሎቹ ጋር እንረደው ብሎ ነበር፤ እምቢ አለችው። ያን ጊዜ ድስቱን ከመደርደሪያው አውርዶ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተውና እጇ ላይ አስቀመጠው።

«እማ፣ በጉንም ውሰጂለት፣ ድስቱንም ውሰጂለት። ነገ የሙሽራው ዘመዶች እዚህ ይገባሉ። ይሄ የማነው ቢሉ ምን ልበላቸው?»

«የአጎትህ ነው በላቸዋ።»

ቶፊቅ ዓይኑን ሰበረ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ሱቁ ተቃጥሎበታል፣ ደግሞም ሰው ምን ይለኛል የሚል ነው። በልጅነቱ ይመር ትከሻ ላይ ሆኖ ጨፋን ከዳር እስከ ዳር የዞረ ልጅ፣ ዛሬ የይመርን ድስት በእጁ ጫፍ ነበር የያዘው። ዘይቱና ብዙ የምትለው ነበራት፤ በሠርግ ዋዜማ ነገር አይነሳም ብላ ዋጠችው።

ተራራው ሥር ሲደርሱ ገመድ መንገዱን ዘግቶ አገኙት። ገመዱን የዘረጉት የዚያው የቆላው ጎረምሶች ናቸው። በድሩ ባጃጇን አቁሞ፣ «አካም ጅርቱ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታውን አዥጎደጎደው። ከመካከላቸው አብዱልፈታህ የሚባለው ቀረብ ብሎ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ዘይቱና ልጁን ታውቀዋለች። ታላቅ ወንድሙ በተኩሱ ሰሞን ነው የተገደለው።

«በጉ ለማን ነው?» አላት።

«ለወንድሜ።»

«ወንድምዎ ክርስቲያን ነው።»

«ነው።»

«እንግዲያ የክርስቲያን በግ ነዋ ይዘው የሚሄዱት።»

«ልጄ፣ በጉ ገና ምንም አይደለም» አለች ዘይቱና። «ቢላዋ እስኪነካው ድረስ በግ ነው።»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። አብዱልፈታህ አልሳቀም። ወንድሙን የገደሉት እነዚያ መሆናቸውን፣ እሷ ደግሞ ሙክት ተሸክማ ወደነሱ መሄዷን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ዘይቱና ይመር ማንንም አልገደለም ብላ ልትሟገት ቃጣትና ተወችው። ለሟች ወንድም ክርክር ምን ያደርግለታል።

«አላህ ይዘንለት» አለችው። «ያንተ ወንድም ቤቴ ገብቶ በልቷል። አልረሳሁትም። እኔ ወንድም ያለኝ እሱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳላየው ዓመት አለፈኝ። ከምለምንህ ሌላ ምን አቅም አለኝ።»

አብዱልፈታህ በጉን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ሄዶ ገመዱን ፈታው። ባጃጇ ስታልፍ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር የቆመው። በድሩ ከዚያ በኋላ እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ለሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድልድዩ አጭር ነው። ሰው ከዳር ሆኖ ቢጮህ ማዶ ይሰማል፤ ፊቱን ግን በደንብ አይለይም። ዘይቱና ከባጃጇ ሳትወርድ ነው ያየችው። ማዶ፣ ሾላው ሥር፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ረጅም ሰው በትሩ ላይ አገጩን አስደግፎ ቆሟል። አቋቋሙን ለማወቅ ፊት ማየት አላስፈለጋትም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከስታለች እንዳይል ነጠላዋን አስተካከለች።

የድልድዩ ኃላፊ ከደቡብ የመጣ አስር አለቃ ነበር። ትሑት ሰው ነው፤ ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው አለ። ሰው አያልፍም፣ ተሽከርካሪ አያልፍም፣ መሣሪያ አያልፍም። ዘይቱና ስለ በጉ ጠየቀችው። አስር አለቃው ራሱን አከከ፤ ስለ በግ የተነገረው ነገር የለም። በሬዲዮ ሻምበሉን ጠርቶ «በግ ይለፍ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሻምበሉ የሚቀለድበት መስሎት ኖሮ በሬዲዮው ውስጥ ቁጣው ለሁሉም ተሰማ። ሰውየው በላብ ተዘፍቆ ከላይ እስከ ታች አስረዳ፤ በመጨረሻ በጉ ይለፍ ተባለ።

«እኔስ?» አለች ዘይቱና።

«እርስዎ አይችሉም እናቴ። በጉ ብቻ።»

ወይ ጊዜ! በግ ያለፈበት ድልድይ ለእህት ተከለከለ። አስር አለቃው ራሱ የበጉን እግር ፈትቶ፣ ገመዱን ይዞ፣ እየጎተተ አሻገረው። ሲያሻግረው ያ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለ በግ ጸጥ ብሎ ነበር የሚሄድ። ይመር ገመዱን ተቀብሎ በጉን ወገቡ ላይ ዳሰሰው። ስቡን ሲያገኘው ሳቀ፤ ሳቁ እስከዚህ ማዶ ተሰማ።

«ቀልበሽዋል!» ብሎ ጮኸ።

«ላንተ ነዋ!» ብላ ጮኸች።

ዘይቱና ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ወሬ ነበራት። የእናታቸው መቃብር አጥሩ ፈርሶ እንደሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ፣ እሷን ተቀይሟት እንደሆነ ልትጠይቀው ነበር። ይህን ሁሉ ግን ወታደር ቆሞ እየሰማ እንዴት ትጩኸው? ስለዚህ ስለ ላሚቱ ጠየቀችው። ወልዳለች አላት። ስለ ዝናቡ ጠየቀችው። እዚህ ጥሏል፣ እዚያ ገና ነው አሉ። ዘይቱና በገዛ አፏ ተናደደች፤ ለዝናብ ነው እንዴ ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት አለች በሆዷ።

ይመር በጉን አርዶ ሾላው ላይ ሰቅሎ መግፈፍ ጀመረ። ከሥጋው ቀንሶ እሳት ለማቀጣጠል ሲጎነበስ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ቀና አለ።

«ዘይቱ! ድስቴን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

በድሩ ወዲያው ወደ ባጃጇ ሄዶ ማዳበሪያውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ዘይቱና ክንዱን ያዘችው። ከቤት ስትወጣ ልትሰጠው ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሳይሰበር ላድርስለት ስትል ነበር የመጣችው። አሁን ግን ማዶ የቆመውን ሰው ስታይ ነገሩ ሌላ ሆነባት። ድስቱ ዛሬ ይህን ድልድይ ካለፈ፣ ይመር በሷ ቤት ዕቃ የለውም ማለት ነው። ዕቃ የሌለው ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይመጣል? ቶፊቅ የፈለገው ይሄንኑ ነው፤ ምናልባት ራሱም ሳያውቀው።

«አላመጣሁም!» ብላ ጮኸች። «ቤት ነው! መጥተህ ትበላበታለህ!»

ይመር በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሲጠርግ አየችው፤ ላብ ይሁን ሌላ ከዚያ ርቀት አይታወቅም። በድሩ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«እሺ!» አለ ይመር በመጨረሻ። «እንዳይሰበር ብቻ!» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ያንቺም እኔ ዘንድ አለ! ጣለው ብለውኝ ነበር! አልጣልኩትም!»

እዚያም እንደዚያ ማለታቸውን ዘይቱና ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ለሷ ብሎ የሚያስቀምጠውን ድስት፣ በዒድ ማግስት ደጋ ስትወጣ የራሷን ዶሮ አሳርዳ የምትሠራበትን ድስት፣ ለካ እሱም በክርክር ነው ያቆየው። ዓመቱን ሙሉ የተከፋችው ብቻዋን ይመስላት ነበር።

ይመር ሥጋውን ፍም ላይ ጣለው። ዘይቱና በወዲህኛው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከቤት ያመጣችውን ሰሃን ፈታች፤ ጠዋት ከታረደው የሠርግ ሰንጋ የተጠበሰ ሥጋ፣ እንጀራና ዳቦ ነው። በድሩ እጁን ሊሰድ ሲል መለሰችው። የይመር ሥጋ ገና አልበሰለም። በድሩ ከሌሊት ጀምሮ እህል አለመቅመሱን ነገራት፣ ወላሂ ብሎ ማለ፤ አልሰማችውም። አስር አለቃው በድልድዩ መካከል ቆሞ ወዲያም ወዲህም እያየ፣ እነዚህ ሰዎች ምን እየጠበቁ ነው ብሎ በድሩን ጠየቀው። በድሩም የሥጋው ነገር ለየብቻ መሆኑን፣ ሰዓቱ ግን አንድ መሆኑን በረሃብ ድምፅ አስረዳው። አስር አለቃው እሱስ ከየትኛው ሊበላ እንደሆነ በቀልድ ቢጠይቅ ዘይቱና ዳቦ ቆርሳ ላከችለት፤ ዳቦ ማንንም አያጣላም ብላ። እሱም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳቦውን ይዞ ጠበቀ።

ይመር ከፍሙ ላይ አንዱን አንስቶ አየው፣ ወደዚህም አሳየ። ዘይቱና ሰሃኗን ወደ ፊት አቀረበች። እሱ አማተበ፣ እሷ ቢስሚላህ አለች፤ በሉ። ወንዙ በመካከላቸው ይፈሳል፣ ይመር ሲጎርስ እጁ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያታል። ዘይቱና አንድም ጉርሻ አላስቀረችም። እየናፈቃት፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እየናፈቃት በላች።

ሲጨርሱ ይመር ተነስቶ በትሩን መሬት ላይ ተከለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ፋኢዛን መረቀ። እዚያ አገር የእናት ወንድም አቡያ ይባላል፤ ሙሽራ ያለ አቡያ ምርቃት ከቤቷ ከወጣች ሆዷ አይሞላም። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ወታደሮቹም በድሩም አሜን አሉ። አስር አለቃው ሁሉንም የተረዳው አይመስልም፣ ግን ከሁሉም በላይ ጮኾ አሜን ያለው እሱ ነው።

ጥላው ሲረዝም እንሂድ ተባለ። ማን ቀድሞ ይዙር? ዘይቱና እሱ እስኪሄድ ጠበቀች፤ እሱም እሷ እስክትሄድ ጠበቀ። ኋላ በድሩ ባጃጇ መብራት እንደሌላት እያነሳ ሲጨቀጭቃት እሷ ገባች። ዞራ ስታይ ይመር እንዳለ ቆሟል። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ ነበር።

ቤት ስትደርስ ዳሱ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ቶፊቅ ከበሩ ላይ ሆኖ ማዳበሪያውን እጇ ላይ አየ። መንገድ ለቀቀላት። ድስቱን ከነበረበት መለሰችና ወደ ጓዳ ገባች።

ፋኢዛ በሴቶች ተከባ፣ ሂና የተቀባ እጇን እንዳይነካካ ወደ ላይ አንስታ ተቀምጣለች። እናቷን ስታይ ዓይኗ ከኋላዋ ሰው ፈለገ።

«አቡያ መጣ?»

«አልመጣም» አለች ዘይቱና። «ግን በልተናል።»

ፋኢዛ አንገቷን ደፋች። «ስለኔ ምን አለ?» አለቻት።

ከበሮው በርትቶ ነበር። ዘይቱና አጠገቧ ቁጭ አለች፣ የልጇን ሻሽ ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች፤ ወንዙ ዳር በጩኸት የሰማችውን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳታስቀር፣ በቀስታ ነገረቻት።